የፊትሽን አንቺ፣ የኋላሽን እኔ

ሰኞ ማታ

ዝናቡ ገባ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ፀጉሬ አደብ ገዝቶ ተኝቶ ነበር። ሱቅ ስደርስ ብድግ ብሎ ቆሟል። ከራስ በላይ ነፋስ ይላሉ፤ የእኔ ከራስ በላይ ፀጉር ነው።

ማታ የፀጉር መተኮሻውን አወጣሁት። እህቴ ስታገባ ትታልኝ የሄደችው ነው፤ "አንቺ ያዢው፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ" ብላ። የፊት የፊቱን አሳምሬ ሠራሁ። ጎንና ጎኑንም እንደምንም። ወደ ኋላ ስሻገር ግን እጄ የት እንዳለ ጠፋኝና ጆሮዬን ለበለብኩት። አሁን ቅባት ቀብቼ ነው የምጽፈው።

እህቴ ደውላ ነበር። ባሏን መሥሪያ ቤቱ ባሕር ማዶ ሊልከው ነው። ክረምቱ ሳያልቅ ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ እሷም አታውቀውም። "ከመሄዳችን በፊት መጥተሽ አንድ ቀን እደሪ እንጂ፣ እታለም" አለችኝ። ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሥራ ቀለል ሲል እመጣለሁ አልኳት። ሥራ ቀለል የሚለው መቼ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።


ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ጆሮዬ ውሃ ቋጥሯል። አብራኝ የምትሸጠው ልጅ፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንላት፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አለች። በር መታኝ አልኳት። ጆሮ መርጦ የሚመታ በር የት እንዳለ እንጃ። ዝናብ። ፀጉር ቆሟል።


ቅዳሜ ማታ

ቅዳሜ ማታ የፀጉር ቀናችን ነበር።

እናታችን በሕይወት እያለች ሁለታችንንም ተራ በተራ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ትሠራን ነበር። እሷ ካለፈች በኋላ ሕግ ወጣ፦ የፊትሽን አንቺ፣ የኋላሽን እኔ። ሕጉን ያወጣችው እህቴ ናት። ያኔ የወለቀው የፊት ጥርሷ እንኳ ገና አልበቀለም፤ ግን ሕግ ማውጣት ትወዳለች። የፊታችንን እያንዳንዳችን በመስታወት እንሠራለን። ከዚያ አንዷ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አንዷ መሬት ላይ በትራስ። በሚዶ ትከፍላለች፣ ቅባት ትነካካለች፣ ቀስ አድርጋ ትተኩሳለች፣ ደግሞ ሌላውን ዘለላ። ቆይታ "ዙሪ" ትላለች፤ ተራ ይቀየራል።

ፊት ለፊት የማይወራ ነገር ሁሉ የሚወራው እዚያ ነው። እንደምታገባ የነገረችኝም እንደዚያው ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንገቷን ደፍታ። እኔ መተኮሻውን ዘለላው ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። "ተቃጠለ እኮ" አለችኝ። አልተቃጠለም ነበር።

የሠርጓ ቀን ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁና መተኮሻውን ሰካሁት። ትራሱን መሬት ላይ አደረግሁ። ሚዶዋን አጥቤ አደረቅሁ። እሷ ሻሿን እንዳሰረች ከመኝታ ወጣችና "ፀጉር ቤት ቀጠሮ ተይዞልኛል፣ እታለም። መኪናው ውጪ ቆሟል" አለች። ቀጠሮውን የያዙላት የባሏ እህቶች ናቸው። ደግ አደረጉ። ሙሽራ በባለሙያ ነው መሠራት ያለባት፤ እኔ መነጽር ሻጭ ነኝ። ምንም አልመሰለኝም። መተኮሻውን ነቀልኩት። የእኔን ኋላ የሚያይልኝ ስላልነበረ ሻሽ አስሬ ሠርጉን ዋልኩ። በፎቶው ላይ ሁሉም የሚያማምር ፀጉር አለው፤ እኔ ያመመው ሰው እመስላለሁ።

ምንም አልመሰለኝም ብያለሁ። ሆድ ይፍጀው።


ማክሰኞ

የእኛ ሱቅ መስታወት ብቻ ነው። ግድግዳው መስታወት፣ ጠረጴዛው ላይ መስታወት፣ እጄ ላይ መስታወት። ሰው መነጽር ይሞክራል፣ ፊቱን ያያል፤ እኔ "ይሄኛው ግንባርዎን ያሳርፈዋል" እላለሁ። ግንባር እንዴት እንደሚያርፍ አላውቅም፤ ግን ይገዙታል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ፊቱን ሳሳይ እውላለሁ። ኋላን የሚያሳይ መስታወት የለንም። መነጽር ገዝቶ ማጅራቱን የሚያይ የለማ።

ምሳ ሰዓት ላይ የደንበኛ ሌንስ ላመጣ ወደ ጓዳ ስገባ ሬዲዮ ለሌንስ ቆራጩ ስትነግረው ሰማሁ። "ከፊት ሙሽራ፣ ከኋላ ጫካ" አለችው። እሱም ከት ብሎ ሳቀ። ስለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፤ የልጅቷ አባባል ልክ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ለማንም ሳልሰጥ ዋልኩ። ወደ መደርደሪያው ስሄድ እንኳ በጎኔ ነው የሄድኩት። አንዲት ደንበኛ "ወገብሽን አሞሻል?" አለችኝ። አዎ አልኳት።


ሐሙስ ማታ

ባለሱቁን፣ ጋሼን፣ አስፈቅጄ አንዱን የእጅ መስታወት ወደ ቤት አመጣሁት። አንድ መስታወት ከፊቴ ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ አቆምኩ። እጄን ወዲህ ስለው ወዲያ የሚሄድ ይመስለኛል። መተኮሻው አየር ይተኩሳል።

ግን ኋላዬን አየሁት። ይሄን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ስዞር በደንብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ፀጉሬ ማጅራቴ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ወጥቷል፤ የተተኮሰው ካልተተኮሰው ጋር የተጣላ ይመስላል። ከፀጉሩ ሥር፣ አንገቴ ላይ፣ ጥቁር ምልክት አለኝ። ማርያም የሳመችኝ ይሆናል። አላውቀውም ነበር። እህቴ ስንት ጊዜ እጇን እዚያ ላይ ስታሳልፍ ኖራ አንድ ቀን አልነገረችኝም።

ይህን እያሰብኩ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ቤቱን ሞላው። አከራዬ በሩን አንኳኩ። ከጎኔ ባለው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጆሯቸውንም አፍንጫቸውንም ግድግዳ አያግደውም።

"ልጄ፣ ዶሮ ነው ወይስ ፀጉርሽን ነው የምትለበልቢው?"

"ፀጉሬን ነው፣ እማማ።"

"ከኋላ ልይልሽ? ዓይኔ ቢደክምም እጄ ደህና ነው።"

"ኧረ አይቸገሩ፤ ጨርሻለሁ" አልኳቸው። ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ ቆሞ። ቆመው አዩኝና፣ "እንግዲህ ጨርሰሽ ከሆነ" ብለው ሄዱ። ምን ነክቷቸው እንደመጡ አልገባኝም። እዚህ ስኖር እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።


እሁድ

እህቴ ደወለች። ስለ ዕቃ ማሸግ አወራን፣ ስለ ባሏ ጉንፋን አወራን። ከዚያ፦

"የኋላሽን ማን ይሠራልሻል?"

"ፀጉር ቤት ነው የምሄደው።"

"የትኛው?"

"መንገዱ ማዶ ያለው።"

"ጎበዞች ናቸው?"

"እጃቸው ወርቅ ነው" አልኳት።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔም ፀጉር ቤት ነው" አለች። ጎበዞች ናቸው ወይ ስላት "ደህና ናቸው" አለች። እንግዲህ ሁለታችንም ባለሙያ አገኘን። እሰይ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ አለኝ። መንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ አሁን ጎማ ይሸጥበታል። የተዘጋ ቀን ወንበሮቹን ሲያወጡ ከእህቴ ጋር በመስኮት እያየን ነበር። ረስታዋለች ማለት ነው።


ሰኞ

ወሰንኩ። የሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ረቡዕ በረራቸው ስለሆነ ሌላ ቀን የለም። ደውዬ ነገርኳት፤ ደስ አላት፣ ድምጿ ያስታውቃል።

ግን ኋላዬን ራሴ ሠርቼ ነው የምሄደው። ከበር ስገባ ዞር እልላታለሁ፤ ታየዋለች። ብቻዬን እንደምችል አይታ ትሂድ። እንድትጸጸት አይደለም። እንዳታስብ ብዬ ነው።


ማክሰኞ

አንድ ዘለላ በቀኝ በኩል። ቀጥ ብሎ ተኛ። ክንዴ ዛለ።


ረቡዕ

ሁለት ዘለላ፣ በግራም። ምሥጢሩ ዓይንን ጨፍኖ በጣት መዳሰስ ነው፤ መስታወቱ ውሸታም ነው። ጠዋት ጤዛ የመሰለ ካፊያ ነበር፤ ሱቅ ስደርስ ያው ተነስቷል። ሬዲዮ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ዝም ስትል ይብሳል።


ሐሙስ

ጋሼ ለቅዳሜ ፈቀዱልኝ። "እህት የምትሸኘው አንዴ ነው፤ ሂጂ" አሉኝ። ሻንጣ ያዝኩ። ለእህቴ የፀሐይ መነጽር መረጥኩላት። ነገ ማታ ታጥቤ፣ በማድረቂያ አድርቄ፣ ሙሉውን እሠራለሁ።


ዓርብ ማታ

ጨርሻለሁ። ማለት ሌላ ነገር ነው የጨረስኩት።

ታጥቤ ማድረቂያውን ስከፍተው ትንሽ ነፋና ሞተ። ብነቅለው ብሰካው እምቢ አለ። በፎጣ ጨመቅሁት፣ በእጄ አራገፍኩት፣ ጠበቅሁ። ውጪ ይዘንባል፤ በዚህ እርጥበት እንኳን ፀጉር ጨርቅም አይደርቅም። ጠዋት አውቶቡስ አለ። እርጥብ ፀጉር ላይ መተኮሻ አይነካም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል፤ እህቴን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የፊቱ የደረቀ መሰለኝ፣ ሠራሁት፣ አማረ። ልቤ አበጠ። የኋላውን ሳልዳስሰው መሃሉን ያዝኩና ጫን አደረግሁ።

ጢስስ አለ። እንፋሎት አንገቴን መታኝ። መተኮሻውን ስስበው ዘለላው አብሮት መጣ። ራሴ ላይ ሳይሆን መተኮሻው ላይ ቀረ።

በመስታወት አየሁት። ማጅራቴ ላይ፣ ከምልክቱ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ የተቆረጠ ገለባ መስሏል። ይህን ይዤ ነው ዞር የምልላት?

ደወልኩላት። ሱቅ ሥራ በዝቷል፣ ቅዳሜ አልተቻለም አልኳት። እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ እሄድ ነበር።

"እሺ" አለች። ቆይታ ደግሞ "እንዳሻሽ፣ እታለም" አለች።


ቅዳሜ

ሱቅ አልሄድኩም፤ ጋሼ የሚያውቁት ሄጃለሁ ብለው ነው። አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት አለፈ፤ አልጋ ላይ ሆኜ አሳለፍኩት። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል።

ማታ ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ሻሼን አጥብቄ አስሬያለሁ። አከራዬ በራቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አልሄድሽም እንዴ?"

"ሥራ በዛ፣ እማማ።"

"ቤት ተኝተሽ የምትሠሪው ምን ዓይነት ሥራ ነው?"

ጠሩኝና ሻሼን በእጃቸው ፈቱት። ቦታውን ዳሰሱት። ከንፈራቸውን እንኳ አልመጠጡም፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

"እኔ መቼ ጉዳዬ ሆኖ" አሉ ቀስ ብለው። "እህትሽ ናት በየሳምንቱ እየደወለች የምትነዘንዘኝ። 'እማማ፣ ኋላዋን ማን ይሠራላታል? ፀጉር ቤት እሄዳለሁ ትላለች፤ የምትለው ፀጉር ቤት ጎማ ቤት ሆኗል። ይዩልኝ' ትለኛለች። ሄጄ እንዳይ የላከችኝ እሷ ናት። አንቺ ደግሞ ጨርሻለሁ አልሽኝ፤ ምን ልበላት? ጨርሳለች አልኳት።"

ውሃውን ሳልቀዳ ገባሁ። እንግዲህ አልረሳችውም። እኔ በውሸቴ ስኩራራ እሷ ዝም ብላ ይዛልኛለች። ደሞ እኮ "ጎበዞች ናቸው?" ብላ ጠይቃኛለች።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ።


ሰኞ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት

ከእህቴ ቤት በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የመጣሁት። ያየሁትን ሳይጠፋኝ ልጻፍ።

ትናንት ፀጉሬን ታጥቤ፣ አበጥሬ፣ እንደቆመ ሄድኩ። ሻሽ አላሰርኩም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሕፃን መንገዱን ሙሉ እናቷን "ይሄ ምንድነው?" ስትላት ነበር። እናትየዋ "ዝም በይ" ትላታለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

እህቴ በሩን ስትከፍት ደንግጣ አየችኝ። አልደወልኩላትም ነበር። ከኋላዋ ቤቱ ሁሉ ካርቶን ነው። ሻሽ አስራለች። ሳመችኝና "ዙሪ" አለችኝ። እንደ ልጅ ዞርኩ። ጣቷን ያ ቦታ ላይ አሳረፈችው።

"እነዚያ እጃቸው ወርቅ የሆነው ናቸው ይሄን የሠሩት?"

"ጎማ ሻጮቹ ናቸው" አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቷል። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እጄን ሰድጄ ሻሿን ሳብኩት።

የፊቷ የተተኮሰ፣ ልስልስ ያለ። ኋላዋ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ተቋጥሮ፣ ጣት የማያስገባ ሆኗል። ማበጠሪያ ከነካው ስንት ሳምንቱ እንደሆነ እንጃ።

"ፀጉር ቤት አላልሽም?"

"የሠርጌ ቀን ነው የመጨረሻዬ" አለች። "የማላውቀው ሰው አንገቴን ሲነካኝ አልወደድኩትም። ባሌ ልሞክርልሽ አለ፤ ምስኪን፣ ሚዶውን እንደ አካፋ ነው የሚይዘው።"

ባሏ እኛን አየና ካርቶን እገዛለሁ ብሎ ወጣ። ካርቶን በካርቶን በሆነ ቤት። ደህና ሰው ነው፤ ይሄን ጽፌ አላውቅም፣ ልጻፈው።

ትራስ ከታሸገበት አወጣች። ጉልበቴ መሃል ተቀመጠች። ቅባት እያስነካሁ ቋጠሮውን አንድ በአንድ በሚዶ ጫፍ ፈታሁት። ሲያማት ትከሻዋን ብቻ ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ከልጅነቷም እንደዚያው ናት። ብዙ ቆየን። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ አንገቷን እንደደፋች፦

"የሠርጌ ቀን ተቀይመሽኛል" አለች።

"ኧረ ምን በወጣኝ።"

"ተቀይመሻል። ተነስቼ ስወጣ ትራሱን መሬት ላይ አየሁት። ሚዶው ታጥቧል። ጉልበትሽ መሃል ብቀመጥ ኖሮ አልነሳም ነበር፣ እታለም። መኪና ቢቆም፣ ሰው ቢጠብቅ፣ አልነሳም። ቀጠሮውን ያዙልኝ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።"

እጄ ቆመ።

"ተቃጠለ እኮ" አለችኝ። የያዝኩት ሚዶ ነበር።

ከዚያ ተራ ቀየርን። የእኔን ሹሩባ ሠራችው፤ ከግራም ከቀኝም እያመጣች የተቃጠለውን ሸፈነችው። ስለ አንገቴ ምልክት ጠየቅኋት፤ ለምን ነግራኝ እንደማታውቅ። "አንቺ አታይውም፣ ሌላ ሰው አያየውም" አለች። "የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።"


ረቡዕ

በረሩ። ዘነበ። የፀሐይ መነጽሩን አድርጋ ፎቶ ላከችልኝ፤ በዝናብ። ሌላ የምጽፈው የለም።


ሐሙስ

ሬዲዮ "ማን ሠራሽ? እንዴት ያምራል" አለች። እህቴ አልኳት። "እህት አለሽ እንዴ?" አለችኝ። ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ከእሷ ወሬ ተራ አይደርሰኝም ብዬ አስብ ነበር፤ የማላወራው እኔ ነኝ ለካ። ስለ እህቴ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ሬዲዮ።


እሁድ፣ ዝናቡ ከቆመ በኋላ

ሹሩባው ላልቷል። ያሳክከኛል፤ ሥሩ ላይ አዲሱ ፀጉር ወጥቶ ቆሟል። መፈታት ካለበት ቆየ። እጄን ወደ ኋላ እሰዳለሁ፣ ጫፉን እይዛለሁ፣ እተወዋለሁ። እሷ የቋጠረችውን መፍታት አልሆነልኝም። ደግሞስ መሃሉ ላይ ብሳሳት፣ የቀረውንም ብበጥሰው? እንዲህ እያልኩ ስንት ቀን ሰነበትኩ።

ዛሬ ከሰዓት ሚዶዬንና ትራሴን ይዤ የአከራዬን በር አንኳኳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በር የከበደኝ የለም። ሲከፍቱ፣ "እማማ፣ ከኋላ አይደርስልኝም" አልኳቸው።

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሬት። እጃቸው ይዘገያል ግን ያውቃል። አንዱን ፈትተው ወደ ሁለተኛው ሲያልፉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የእሳቸውንም ራስ የነካ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ስንጨርስ ዞር ይላሉ፣ እኔ አያለሁ አልኳቸው። "ነጭ ነው፣ ምኑ ይታያል" አሉ፤ እምቢ ግን አላሉም።

በመሃል ስልካቸው ጮኸ። እህቴ ናት፤ ለካ ከዚያም ሆና መደወሏን አልተወችም። አከራዬ ስልኩን ጆሯቸውና ትከሻቸው መሃል አድርገው በሁለት እጃቸው መፍታታቸውን ቀጠሉ።

"ማን ያይላታል ትይኛለሽ? እኔ ነኛ። ይኸው ጉልበቴ መሃል ተቀምጣለች።"

ከወዲያ ምን እንዳለች አልሰማሁም። አንገቴን ደፍቼ ነበር። ከላዬ ብቻ፣ እጃቸውን ፀጉሬ ላይ እንዳደረጉ፣ "አታልቅሺ በቃ" ሲሉ ሰማሁ። ለማንኛችን እንዳሉ አልጠየቅሁም።